«እማዬ ቃል በቃል ነው ትላለች፣ ወንድሜ ምሳሌ ነው ይላል»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ነው። እናቴ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ሁሉ እንደተጻፈው ነው ትላለች፤ አንዲት ቃል ዝንፍ አይልም ባይ ናት። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የጂኦሎጂ ተማሪ ነው። ከክፍሉ ልጆች ጋር ስሜን ተራሮች ደርሶ ከመጣ ወዲህ የሚያቆመው ጠፋ። «የስሜን ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ዘፍጥረት እኮ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሁሉም ምሳሌ ነው» አለ። እማዬ «ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ ከምናምን ዓመቱ ነው። ሁሉም ምሳሌ ከሆነ ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ለምን ጾምክ?» አለችው። ይህ ሁሉ የሆነው በፋሲካ፣ ዶሮው ቀርቦ ነው። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈዋል። መጽሐፍ ቅዱስ የሚነበበው ቃል በቃል ነው ወይስ በምሳሌ? እባክዎ ቁርጡን ይንገሩኝ።

*ከማራኪ*

መልስ፦ ልጄ፣ ቁርጡን መንገር ያስቸገረኝ ሁለቱም እናደርጋለን የሚሉትን ስለማያደርጉ ነው። እናትሽ ቃል በቃል አታነብም። ወንድምሽም ሁሉን ምሳሌ አያደርግም። ከእናትሽ ልጀምር፤ እውነቱን ለመናገር ለእሷ አደላለሁ።

ውዳሴ ማርያም ትደግም እንደሆነ ጠይቂያት። በእሷ ዕድሜ ያለች የጎንደር እናት ባትደግም እንኳ ሰምታ ነው ያደገችው። እዚያ ላይ ሙሴ ያየው፣ እየነደደ ያልተቃጠለው ቁጥቋጦ እመቤታችን ናት። መና ያለበት የወርቅ መሶብ እሷ ናት። የወርቁ መቅረዝም እሷ ናት። ይህን በየጠዋቱ የምትሰማ ሴት «ሁሉም እንደተጻፈው ነው» ስትል ውሸቷን አይደለም። ቁጥቋጦው በኮሬብ በእርግጥ ነዷል ብላ ታምናለች። እመቤታችን ናትም ትላለች። አንዱ ሌላውን አልገፋባትም።

የሰባት ሺህው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት) የሚያወጡ ሊቃውንት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምራሉ። 2018 ካልሽ 7518 ይመጣል። ይህ 5500 የሚያያዘው ጌታ ለአዳም «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ብሎ ቃል ገባለት ከሚለው ትምህርት ጋር ነው። አምስት ቀን ተኩል ነው የተባለው! ሊቃውንቱ አንዱን ቀን ሺህ ዓመት አድርገው ቆጠሩት፤ በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው የሚለውን ይዘው (2ኛ ጴጥሮስ 3፥8)። እናትሽ የምትሟገትበት ቁጥር የመጣው ቀንን እንደ ተራ ቀን ባለማንበብ ነው። ይህን ለወንድምሽ አትንገሪው። ይፎክርባታል።

እሱ ደግሞ «ሰምና ወርቅ» ብሏል። ልጅ ሆኜ ቅኔ ቤት ትንሽ ቆይቻለሁና ይህን አባባል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። የቅኔ ተማሪ ወርቁን ካገኘ በኋላ ስለ ሰሙ ብዙም አይጨነቅም። ወንድምሽ የፈለገውም ይህንኑ ይመስለኛል፤ ታሪኩን አቅልጦ ትምህርቱን ይዞ መሄድ። የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ የሚማሩበት መጽሐፍ ቤት ግን እንደዚያ አይሠራም። እዚያ የሚሆነውን እንደ አድማጭ ጥግ ይዤ አይቻለሁ። አንዱ ተማሪ መጽሐፉን ዘርግቶ የግእዙን ንባብ ይላል። የኔታ መጽሐፍ ሳያዩ፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ በመጀመሪያ ነጠላውን ይሰጣሉ። ማን፣ የት፣ ለማን፣ ለምን። ከዚያ ነው «አንድም» ተብሎ ሌላው ትርጉም የሚመጣው። ከዚያም ሌላ «አንድም»።

አንድ ቀን የደጉ ሳምራዊ ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። መጀመሪያ መንገዱን አሳዩን፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ቁልቁለት ነው፣ ወንበዴ ይደበቅበታል። ካህኑ ለምን አለፈው? በድን የነካ ካህን ይረክሳልና የሞተ መስሎት ፈርቶ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሳይጨርሱ ወደ ምሥጢሩ አልገቡም። ከዚያ በኋላ ነው ተጓዡ አዳም፣ ኢየሩሳሌም ገነት፣ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ የሆኑት። አንድ ልጅ ደፍሮ «የኔታ፣ የትኛው ነው ትክክሉ?» አለ። «ሁለቱንም ያዝ» አሉት። «መጀመሪያ ግን መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ካየህ አትለፈው።»

ይህ የትርጓሜ ሥርዓት እዚህ በከተማችን ነው የደረጀው። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የተለዩት ሊቃውንትም የጎንደር ሊቃውንት ናቸው። ዛሬ በየጉባኤው የሚሰማው በአብዛኛው የታች ቤቱ ነው፤ ለእሱ መምህር ኤስድሮስ ይጠቀሳሉ። እና እናንተ በዶሮ ወጥ ላይ የተጣላችሁበትን ነገር የሰፈራችሁ ሰዎች ሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲያብሰለስሉት ኖረዋል።

ሐዋርያው ጳውሎስም እንደዚሁ ያደርጋል። ኦሪት «የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» ይላል (ዘዳግም 25፥4)። ጳውሎስ ይህን ጠቅሶ «እግዚአብሔር ስለ በሬዎች ይገደዋልን?» ይልና ወንጌል የሚሰብክ ከድካሙ መብላት አለበት ወደሚለው ይወስደዋል (1ኛ ቆሮንቶስ 9)። ደምቢያ በውቂያ ጊዜ አውድማ ላይ ቁሚ። በሬው እየዞረ ጎንበስ ይልና አንድ አፍ ይነጫል፤ ገበሬው ጅራፉን አውርዶ ዝም ይለዋል። እሱን ጠርተሽ «ይህ ሕግ እኮ ስለ ሰባኪ ቀለብ ነው» ብትዪው ይስቅብሻል። ግን ነው። ስለ በሬውም ነው።

ታዲያ የቱ ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። መሳፍንት 9 ላይ ዛፎች ተሰብስበው ንጉሥ ሲመርጡ ኢዮአታም ምሳሌ እየተናገረ እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ጌታ «እኔ በር ነኝ» ሲል ማጠፊያና መቆለፊያ የፈለገለት የለም። ቃል በቃል ወስደው የተሳሳቱ ሰዎችም እዚያው ተጽፈዋል። ኒቆዲሞስ ሽማግሌ ሰው ተመልሶ እናቱ ማኅፀን ይገባል ወይ ብሎ ጠየቀ። ደቀ መዛሙርቱ «ከፈሪሳውያን እርሾ ተጠበቁ» ሲባሉ ዳቦ ስላልያዝን ነው አሉ።

በተቃራኒው የሳቱትም አሉ፤ ወንድምሽ ይህን ልብ ቢለው ደስ ይለኛል። ሄሜኔዎስና ፊሊጦስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች «ትንሣኤ ሆኖ አልፏል» ይሉ ነበር። የሙታንን መነሣት ወደ መንፈሳዊ ነገር ብቻ ቀይረውት ነበር ማለት ነው። ጳውሎስ ንግግራቸውን እንደ ጭንቁር (ሥጋን እየበላ እንደሚሰፋ ቁስል) ይባላል ብሏል (2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥17)። ስለ ክርስቶስ ትንሣኤም «ምሳሌ ነው» የምትል ቀዳዳ አልተወም፤ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ ነው ብሎ ቁጭ። ዮሐንስ 6ንም ተመልከቺ። ጌታ ሥጋዬን ብሉ ደሜን ጠጡ ሲል ሰዎቹ «ይህ የሚያስጨንቅ ንግግር ነው» ብለው ጥለውት ሄዱ። «ኧረ ምሳሌ ነው፣ ተመለሱ» አላላቸውም። ይልቁንም ወደ አሥራ ሁለቱ ዞሮ እናንተስ ልትሄዱ ትወዳላችሁን አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ቁርባኑን አማናዊ ሥጋና ደም የምትለው ይህንን ይዛ ነው።

አሁን አንድ የሚያናድደኝን ነገር ላስገባ። ባለጠጋ መንግሥተ ሰማያት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢገባ ይቀላል የሚለውን ታውቂዋለሽ። በኢየሩሳሌም ቅጥር «የመርፌ ቀዳዳ» የሚባል ጠባብ በር ነበር፣ ግመሉ ጭነቱ ተራግፎ፣ ተንበርክኮ ይገባ ነበር የሚል ማብራሪያም ሳትሰሚ አልቀረሽም። ያማረ ወሬ ነው። እንዲህ የሚባል በር እንደነበረ የሚያሳይ የጥንት ማስረጃ ግን የለም። ወንጌሉም ራሱ አይቀበለውም። ደቀ መዛሙርቱ ደንግጠው «እንኪያስ ማን ሊድን ይችላል?» ነው ያሉት። ጎንበስ ብሎ የሚገባበት በር ቢሆን ኖሮ ምን ያስደነግጣቸዋል? ጌታም «ጭነት አራግፉ» ሳይሆን በሰው ዘንድ ይህ አይቻልም፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ሁሉ ይቻላል ነው ያለው። እኔ የታዘብኩት፣ ሰው ኪሱን የሚነካ ጥቅስ ሲመጣበት «እሱማ ምሳሌ ነው» ይላል። ጎረቤቱን የሚነካው ሲሆን ቃል በቃል ይሆናል።

ምሳሌ ሲባልስ ቀለል ያለ ነገር የሚመስለው ማን ነው? ነቢዩ ናታን ለዳዊት የድሃውን ሰው በግ ታሪክ ነገረው። ሀብታሙ የራሱን ብዙ በጎች ትቶ የድሃውን አንዲት በግ አረደ። ዳዊት እውነተኛ ታሪክ መስሎት ነደደ፤ ይህን ያደረገ ሞት ይገባዋል አለ። ናታንም «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። በጉ አልነበረም። ዳዊት የወሰዳት የኦርዮ ሚስት ግን ነበረች፣ ያስገደለው የኦርዮም ሬሳ ነበረ።

ወደ ስድስቱ ቀናት ልምጣ፤ የተጣላችሁት በሱ ነውና። ቅዳሴው በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ሥነ ፍጥረት ሲሰብክ ነገር ሁሉ ምሳሌ የሚያደርጉትን ገሥጿል፤ ሣር ሲባል ሣር ነው የምረዳው ብሏል። እሱ በእናትሽ በኩል ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የእስክንድርያው ኦሪጀን ደግሞ ፀሐይ በአራተኛው ቀን ከተፈጠረች የፊተኞቹ ሦስት ቀናት እንዴት ነጉ፣ እንዴት መሹ ብሎ ጠይቋል። (ይኸው የምሳሌ አባት የሚባለው ኦሪጀን፣ አውሳብዮስ እንደጻፈው፣ በወጣትነቱ ማቴዎስ 19፥12ን ቃል በቃል ወስዶ ራሱን ሰልቧል። ቤተ ክርስቲያን ያወገዘችው ግን በሌላ ትምህርቱ ነው።) የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስም ቀናቱ እኛ የምናውቃቸው ዓይነት አይመስሉም ብሏል። ይህን ሲል ጂኦሎጂ የሚባል ትምህርት አልነበረም፤ 1600 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጥያቄውን ያመጣው ሳይንስ ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው ይህን መጥቀሴ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ዘፍጥረት 1 ሰዓት ይዞ የሚቆጥር ምዕራፍ አይመስለኝም። የእስራኤል ሕዝብ በዙሪያው ለፀሐይና ለጨረቃ የሚሰግዱ ጎረቤቶች ነበሩት። ምዕራፉ ፀሐይን አራተኛ ቀን ላይ ያመጣትና ፍጡር ናት፣ ሥራዋም ማብራት ነው ይላል። ይህን የምትቀበል ሁሉ፣ ቀኑን 24 ሰዓት ብትልም ሌላ ብትል፣ ከእኔ ጋር አትጣላም። ወንድምሽም ስለ ስሜን ድንጋይ ያለው ልክ ነው፤ እሳተ ገሞራ የደራረበው ባሳልት ነው። የተንሸራተተው ከድንጋዩ ተነሥቶ «ሁሉም ምሳሌ ነው» ሲል ነው። የድንጋይ ዕድሜ ስለ ባዶው መቃብር ምንም አይነግረንም።

እና ምን ላድርግ ካልሽ፣ ሽምግልና አትቀመጪ። ወንድምሽን ለእናቱ ውዳሴ ማርያም እንዲያነብላት አድርጊ። ዓይኗ ደክሞ ከሆነ ምክንያትም አለሽ። ቁጥቋጦው ላይ ሲደርስ ራሱ ይጠይቃታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አክስቴ የደም ግፊት አለባት። «የእምነት ጸሎት ድውዩን ያድናል» የሚለውን ይዛ ክኒኑን አቆመች። ሕመም አይሰማኝም፣ ድኛለሁ ትላለች። ቃሉን አታምንም ወይ እንዳትለኝ ፈርቼ ዝም አልኳት።

*ከአዘዞ*

መልስ፦ ዝም አትበላት። ዛሬውኑ ወደ ሐኪሟ ውሰዳት። ግፊት ሳይሰማ ነው የሚሠራው። ራስ ምታት የለኝም ማለት ወርዷል ማለት አይደለም፤ የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ነገሩን የሚያውቀው አንድ ጎኑ ሲሰንፍ ነው።

ጥቅሱ ያዕቆብ 5 ላይ ነው። ከፈለግህ እኔ ከአክስትህ በላይ ቃል በቃል ላንብበው። የታመመ ካለ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። መድኃኒት ጣሉ የሚል አንዲት ቃል የለበትም። ያንን የጨመረችው እሷ ናት፣ ወይም ሌላ ሰው ጨምሮላታል። ሲራክ 38 ደግሞ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል፤ መጽሐፉ ከቀኖናችን ውስጥ ነው። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል። ብዙ ድውይ የፈወሰ ሐዋርያ ነው ይህን የመከረው። ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ጸበሏን አትከልክላት። ክኒኑን በጸበሉ ትዋጠው። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ ሕሙማንን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው መክረዋል። የንስሐ አባት ካላት እሳቸውን ይዘህ ብትሄድ ከአንተ ይልቅ ትሰማቸዋለች። እንግዲህ የወንድም ልጅ ምክር አክስት ፊት ምን ያህል እንደሚመዝን ሁላችንም እናውቃለን።

ጥያቄ፦ እኔ አስጎብኚ ነኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተን ሦስቱን ሽማግሌዎች ሳሳይ አንዱ ጎብኚ «እግዚአብሔር ሽበት አለው ብላችሁ ታምናላችሁ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምን ብዬ ልመልስ?

*ከአራዳ*

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሳቁ ግን አላስፈለገም። ሠዓሊው ከራሱ አላመጣውም። ዳንኤል 7፥9 ላይ በዘመናት የሸመገለው በዙፋን ተቀምጦ ይታያል፤ የራሱም ጠጉር እንደ ጥሩ ጥጥ ነጭ ነው። ነጭነቱ ዘመኑ እንደማይቆጠር ለመናገር ነው። ሦስቱን አንድ ፊት፣ አንድ ዕድሜ አድርጎ የሣላቸው ደግሞ በመካከላቸው ታላቅና ታናሽ እንዳይባል ነው። በዙሪያቸው ያሉት አራቱ እንስሳ ከሕዝቅኤልና ከዮሐንስ ራእይ የመጡ ናቸው። የኛ ሊቃውንት በአብርሃም ቤት የተስተናገዱትን ሦስት እንግዶችም ከዚሁ ጋር ያነሣሉ (ዘፍጥረት 18)። ከዚያ «እግዚአብሔርን ያየው አንድ ስንኳ የለም» የሚለውን ዮሐንስ 1፥18 ጨምርለት። ሁለቱንም የሚያነብ ሕዝብ ነው ይህን ሥዕል ያሣለው።

ጊዜ ካለህ አንድ ታሪክ ልጨምርልህ። በ399 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ እግዚአብሔር የሰው መልክ የለውም የሚል ደብዳቤ ለገዳማቱ ላከ። በግብፅ በረሃ ብዙ መነኮሳት ተቆጡ። ሱራፒዮን የሚባል አረጋዊ መነኩሴ ነገሩ ተብራርቶለት ተቀበለ። ለጸሎት ሲቆሙ ግን በልቡ የሚይዘው መልክ አጣ። መሬት ላይ ወድቆ «አምላኬን ወሰዱብኝ፤ የምይዘው የለኝም፤ ለማን እንደምሰግድ አላውቅም» እያለ አለቀሰ።

ይህን ለጎብኚህ ብትነግረው ሳቁ ይቀንስ ይሆናል። ፍላሽ አታስነሳቸው፣ ቀለሙ ያረጃል። ብዙ ከጠየቁህ ደግሞ አንተ ብቻህን አትንገታገት፤ ግቢው ውስጥ ካህን አይጠፋም፣ ጥራቸውና አንተ አስተርጉም።